የፎርድ ኬንት 1600 ክሮስፍሎ ለውድድር፦ የቫልቭ ሞላ፣ ቆብና ታፔት ምርጫ

ክሮስፍሎ71፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ለድሮ መኪኖች ውድድር ስለሚዘጋጅ ኬንት ክሮስፍሎ ሞተር ነው። ብሎኩ 711ኤም፣ 1599 ሲሲ፣ ሁለት ዌበር 40 ዲሲኦኢ ካርቡረተር፣ ኮምፕሬሽኑ 11 ለ 1። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) የሙሉ ውድድር ነው፤ ቫልቩ ዘንድ የሚደርሰው ሊፍት፣ ማለትም ቫልቩ የሚከፈትበት ርቀት፣ 10.5 ሚሊ ሜትር። ታፔቶቹ (ካሙ ላይ ተቀምጠው ፑሽ ሮዱን የሚገፉት) አዲስና ጠፍጣፋ ናቸው፣ ከቺልድ ካስት አይረን (ፊቱ በፍጥነት በማቀዝቀዝ የጠነከረ)። ፑሽ ሮዶቹ (ከታፔቱ ወደ ሮከሩ የሚገፉት ዘንጎች) እና ሮከሮቹ (ቫልቩን የሚጫኑት ክንዶች) የፋብሪካው። ሞላው ድርብ፣ የሞላው ቆብ ብረት።

እስከ 7000 ዙር ንጹህ ይጎትታል። 7100 ሲያልፍ ይንተባተባል፣ እንደ መትረየስ ይንጣጣል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። የኢግኒሽኑ ዕቃ በሙሉ በሌላ ተተክቶ ተሞክሯል፣ የነዳጁ ድብልቅም ተለክቷል፤ ለውጥ የለም። የሚፈለገው 7800 ነው።

ጠንከር ያለ ሞላ ይግባ? የቲታኒየም ቆብስ? ቲታኒየም ቫልቭ ወይም ሮለር ሮከር የሚል ምክርም ሰምቻለሁ። ከየትኛው ልጀምር?

ቴስታታ ቤት፦

ወንድሜ፣ ምንም ከመግዛትህ በፊት ለካ። የምትገልጸው ምልክት ቫልቩ ካሙን መከተል ሲያቅተው የሚታይ ነው፤ ይህ ግን ሁልጊዜ የሞላ ድካም ማለት አይደለም።

መነሻው ይኸውልህ። ቫልቩን ወደ ሲቱ (መቀመጫው) ለመመለስ የሚያስፈልገው ኃይል ከዙሩ ጋር እኩል አያድግም፤ በዙሩ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ7000 ወደ 7800 ስትሄድ ዙሩ የጨመረው 11 በመቶ ነው፤ የሚፈለገው ኃይል ግን 24 በመቶ ይጨምራል። ይህን 24 በመቶ በሁለት መንገድ ታገኘዋለህ፦ ወይ ሞላውን ታጠነክራለህ፣ ወይ የሚንቀሳቀሰውን ክብደት ትቀንሳለህ። ሞላ ማጠንከር ርካሽ ይመስላል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ካሙና ታፔቱ ናቸው። በኬንት የሮከሩ ብዜት ወደ 1.5 ገደማ ስለሆነ ቫልቩ ላይ 100 ኪሎ የሚገፋ ሞላ ካሙ ጉብታ ላይ 150 ኪሎ ሆኖ ያርፋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቫልቭ እነዚህን ለክተህ በወረቀት ጻፍ፦

የሞላው የተገጠመ ቁመት፣ ማለትም ቫልቩ ተዘግቶ ሞላው ከተቀመጠበት ወለል እስከ ቆቡ ሥር። በዚያ ቁመት ላይ ሞላው ስንት ኪሎ ይገፋል? ሙሉ ሊፍት ላይስ? ከዚያ ሞላውን በሞርሳ አጥብቀህ ቀለበቶቹ ሲነካኩ ያለውን ቁመት ለካ። የውስጡንና የውጭውን ለየብቻ ለካ፤ ቆቡ ላይ የውስጡ ሞላ መቀመጫ ደረጃ ስላለው ቀለበቶቹ ቀድመው የሚነካኩት አብዛኛውን ጊዜ የውስጡ ነው፣ ከውጭ ደግሞ አይታይም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የተገጠመ ቁመት 35 ሚሊ፣ ሊፍት 10.5 ከሆነ፣ ሙሉ ሲከፈት ሞላው 24.5 ላይ ነው። ቀለበቶቹ 23.4 ላይ የሚነካኩ ከሆነ 1.1 ሚሊ ተረፈህ። ለእንዲህ ያለ ሞተር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ እፈልጋለሁ። ከዚያ ካነሰ፣ በከፍተኛ ዙር ቫልቩ ከካሙ ጫፍ ትንሽ አልፎ ሲበር ቀለበቶቹ ይጋጫሉ፤ ከ3 ሚሊ በላይ ከተረፈ ደግሞ ሞላው በራሱ ሞገድ መርገብገብ ይጀምራል። ብዙ ክፍተት ጥሩ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ሌላው መለኪያ ከቆቡ ታች እስከ ጋይዱ (የቫልቩ ግንድ የሚንሸራተትበት ቀዳዳ) አናት፣ የዘይት ሲል ካለበትም እስከ ሲሉ አናት። ሙሉ ሊፍት ላይ 1.5 ሚሊ መቅረት አለበት። የኬንት ጋይድ ከቴስታታው ጋር አንድ ሆኖ የተቀረጸ ነው፤ ብሮንዝ ተሰክቶበት ከሆነ ብዙ ጊዜ አናቱ ረዝሞ ይቀራል።

ፑሽ ሮዶቹን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልላቸው። የሚንከረፈፍ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ የማይንከባለል፣ ካለ ጉዳይ አለ ማለት ነው።

ብረትና ነሐስ፦

ስለ ክብደቱ ልጨምር። ክብደት የሚጎዳው ቦታ ይለያያል። ቫልቩ፣ ቆቡ፣ ኮሌቶቹ (ቫልቩን ከቆቡ ጋር የሚያስሩት ግማሽ ቀለበቶች) እና ከሞላው ክብደት ሢሶው ገደማ የሚንቀሳቀሱት በሙሉ ሊፍት ነው። ታፔቱና ፑሽ ሮዱ ግን በሮከሩ ብዜት ያህል ያነሰ መንገድ ነው የሚሄዱት፤ ብዜቱ 1.5 ሲሆን እዚያ ያለ አንድ ግራም ቫልቩ ዘንድ ሲሰላ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከቫልቩ ወገን ግራም ቀንስ፤ ከፑሽ ሮዱ ወገን ግን ግራም አትቆጥብ፣ ጥንካሬ ግዛ። ቀጭን ፑሽ ሮድ እንደ ቀስት ይጎብጥና ሲላቀቅ ቫልቩን ወርውሮ ያስነሳዋል። ስንፍናው የሞላው ይመስላል እንጂ ጥፋቱ የፑሽ ሮዱ ነው። ክሮሞሊ ቱቦ፣ ወፈር ያለ ግድግዳ፣ ጫፎቹ የጠነከሩ፤ ዲያሜትሩን ቴስታታው ውስጥ ያለው ቀዳዳ እስከሚፈቅድ ድረስ ከፍ አድርግ፣ ግን በሙሉ እንቅስቃሴው ቀዳዳውን እንደማይነካ በእጅ እያዞርክ አረጋግጥ።

ስለ ቆብ፦ ብረት፣ ዱራል አሉሚኒየም፣ ቲታኒየም። ዱራል በ1960ዎቹ የውድድር ሞተሮች የተለመደ ነበር፤ ቀላል ነው፣ ነገር ግን ይደክማል። ኮሌቱ የሚቀመጥበት ሾጣጣ ቀዳዳ በሙቀትና በድብደባ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ኮሌቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ቫልቩ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ዱራል ካለ በየመፍቻው ኮሌቱ ከቆቡ ወለል አንጻር የት እንደተቀመጠ ለክተህ መዝግብ፤ ከተነሳ ጣለው። ቲታኒየም ተመሳሳይ መጠን ካለው ብረት ክብደቱ 56 በመቶ ገደማ ነው፤ እንደ ዱራል አይሰፋም። ችግሩ የሞላው ጫፍ ሲፈገፍገው መበላቱ ነው። የቲታኒየም ቆብ ላይ ቦይ ከታየ ቆቡን ቀይር፤ አሸዋ ወረቀት አታስነካው።

ለ7800 ዙር የኔ ምርጫ ቲታኒየም ቆብ ከጥሩ ብረት ኮሌት ጋር ነው። ኮሌቱ ባለ አንድ ቦይ ሆኖ ግንዱን አጥብቆ የሚይዝ ይሁን። ባለ ሦስት ቦዩ ዓይነት ሁለቱ ግማሾች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቫልቩ እንዲሽከረከር የሚፈቅድ ነው፤ ለመንገድ መኪና መልካም ነው፣ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም።

ቫልቩን በሚመለከት፣ ለመግቢያው አንድ ወጥ ስቴንለስ፣ ለመውጫው 21-4ኤን ይበቃል። የ21-4ኤን ባሕርይ ግን ልብ በል፦ ኦስቴናይቲክ ብረት ስለሆነ በሙቀት አይጠነክርም፤ ግንዱ አናት ላይ ስቴላይት ወይም ሌላ ጠንካራ ጫፍ የተበየደበት መሆን አለበት፣ አለዚያ ሮከሩ ጉድጓድ ይቆፍርበታል። ግንዱም ክሮም ካልተቀባ በካስት አይረን ጋይድ ውስጥ ይነክሳል። ብሮንዝ ጋይድ ከገባ የግንዱ ክፍተት ለመግቢያው ከ0.03 እስከ 0.04፣ ለመውጫው ከ0.05 እስከ 0.065 ሚሊ ይሁን። ጠበብ አድርጌ ልሥራ ያለ ሰው መውጫው ሲግል ይነክስበታል፤ አንዴ የነከሰ ቫልቭ ደግሞ ፒስተን ይጠብቀዋል።

የቲታኒየም ቫልቭ እርሳው። ለስላሳ የመዳብ ቅይጥ ሲት ይፈልጋል፣ ግንዱ ልዩ ሽፋን፣ አናቱ ኮፍያ ይፈልጋል፤ በካስት አይረን ሲት ላይ ፊቱ ቶሎ ይበላል። ፑሽ ሮድ ላለው 7800 ዙር ሞተር ያን ሁሉ ጣጣ የሚክስ ጥቅም አይሰጥም።

የካም ጉብታ፦

እኔ ቲታኒየም ቆቡ ላይ እንኳ አልስማማም፣ ቢያንስ ለአሁኑ። ጥሩ ብረት ቆብ፣ ትክክለኛ ቁመት ያለው ሞላና የማይጎብጥ ፑሽ ሮድ ሲገጥሙ ይህ ሞተር 7800 ይደርሳል። ቲታኒየሙ የሚያተርፈው ግራም ሊረዳ የሚችለው ሌላው ሁሉ ልክ ሲሆን ነው። ደግሞ ግዢ ከመጀመርህ በፊት የመኪናውን የኤፍ.አይ.ኤ (ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን) ታሪካዊ ቴክኒክ ፓስፖርት አንብብ። በአፔንዲክስ ኬ (የፌዴሬሽኑ የድሮ መኪኖች ደንብ) ሥር የምትወዳደር ከሆነ በዘመኑ በዚያ ሞዴል ላይ ያልነበረ ዕቃ ማስረጃ ይጠየቅበታል፤ ሮለር ሮከርና ቲታኒየም መጀመሪያ ከሚታዩት ውስጥ ናቸው። ሮለር ሮከር ደግሞ ጫፉ ላይ ፒንና ሮለር ስለተሸከመ ክብደቱን የሚጨምረው በቫልቩ ወገን፣ ማለትም በከፋው ቦታ ነው። ግጭት ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ ዙር ግን በራሱ አይጨምርም።

ማንም ያላነሳውን ታፔቱን ላንሳ፣ ምክንያቱም ኬንት ላይ ትልቁ አደጋ እዚያ ነው።

የኬንት ታፔት እግሩ እንደ እንጉዳይ ሰፋ ያለ ነው፣ ከላይ አይወጣም። ካሙን ለመለወጥ ሞተሩ ይገለበጣል፣ ታፔቶቹ ወደ ቀዳዳቸው ይገፋሉ፣ ካሙ ይወጣል፣ ከዚያ ታፔቶቹ ከሥር ይወሰዳሉ። ስለዚህ ሞተሩ መኪና ላይ እያለ ታፔት አውጥተህ ፊቱን ማየት አትችልም። ያለህ መስኮት የቫልቭ ክፍተቱ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ሞተሩ ተመሳሳይ ሙቀት ላይ ሳለ ስምንቱንም ለክተህ፣ ከማስተካከልህ በፊት የተገኘውን ቁጥር ጻፍ። ክፍተቱ እየሰፋ የሚሄድ ቫልቭ ካሙ ወይም ታፔቱ እየተበላ ነው፤ 0.05 ሚሊ በሁለት ሩጫ ከሰፋ ሞተሩን አውርድ፣ የተፈጨው ብረት ወደ ኩሺኔታ እየሄደ ነው። እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ቫልቩ ሲቱ ውስጥ እየሰመጠ ወይም ራሱ እየተለጠጠ ነው። ሊድ (እርሳስ) በሌለበት ነዳጅ የሚሠራ፣ ጠንካራ ሲት ያልተሰካበት ካስት አይረን ቴስታታ ላይ መውጫው መስመጡ የሚጠበቅ ነው።

ታፔት ጠፍጣፋ ይባላል እንጂ ፊቱ በትንሹ የጎበጠ ነው። ሁለት አዲስ ታፔቶችን ፊት ለፊት አጋጥመህ ስትይዛቸው መወዛወዝ አለባቸው። የካሙ ጉብታም በትንሹ የዘነበለ ነው፣ መሐሉም ከታፔቱ መሐል ገለል ያለ ነው፤ በዚህ ምክንያት ታፔቱ ይሽከረከራል። መሽከርከር ያቆመ ታፔት በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። በአዲስ ካም ላይ አሮጌ ታፔት፣ ወይም ከቦታው ያፈናቀልከውን ታፔት ማስገባት ካሙን መግደል ነው። ካምና ታፔት ከአንድ ሠሪ ግዛ፤ የሁለቱ ብረት መጣጣሙን የሚያውቀው እሱ ነው።

የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ሁሉን ይወስናል። ጉብታዎቹንና የታፔቶቹን ፊት በሞሊብደነም ቅባት ቀባ፤ የታፔቱን ጎን ግን በሞተር ዘይት ብቻ። የውስጡን ሞላ አውጥተህ በውጭው ብቻ አስጀምር። ነዳጁና ኢግኒሽኑ በመጀመሪያው ሙከራ እንዲነሳ ሆነው ይዘጋጁ፤ ስታርተር ደጋግመህ አታዙር። እንደተነሳ ወዲያው ከ2000 እስከ 2500 ዙር፣ ከፍ ዝቅ እያደረግክ፣ ለ20 ደቂቃ። ከጋለ አጥፋው፣ ሲበርድ ቀጥል፤ በሚኒሞ ግን አታቆየው። ሰው ይህን አይወድም፣ ዝቅተኛ ዙር ለአዲስ ሞተር የዋህ ስለሚመስለው። በተቃራኒው ነው፦ በከፍተኛ ዙር ቫልቩ በራሱ ግፊት ከካሙ ጫፍ ሊለይ ስለሚፈልግ ጫፉ ላይ ያለው ጭነት ይቀላል፤ በሚኒሞ ግን የሞላው ሙሉ ጭነት ይወርድበታል፣ ወደ ካሙ የሚረጨው ዘይትም ትንሽ ነው። ዘይቱ ዚንክ የበዛበት ይሁን፣ ከ1200 እስከ 1400 ፒ.ፒ.ኤም። ዘመናዊ የመንገድ መኪና ዘይት ከዚህ ያነሰ ነው የሚይዘው።

ክሮስፍሎ71፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁ። የተገጠመው ቁመት በስምንቱም 34.2 ሚሊ ነው፣ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ሞላ ሥር የ0.8 ሚሊ ሮንዴላ ተደርጓል፣ ሞላው እንዲጠነክር ተብሎ። ተዘግቶ 45 ኪሎ፣ የሞላው ጥንካሬ በሚሊ 5.5 ኪሎ፣ ቀለበቶቹ 23.4 ላይ ይነካካሉ። ከመውጫዎቹ በሁለቱ ላይ ሙሉ ሊፍት ላይ ከቆቡ እስከ ጋይዱ 0.5 ሚሊ ብቻ ነው። ከፑሽ ሮዶቹ ሦስቱ መስታወት ላይ ይንከረፈፋሉ። ፓስፖርቱ ላይ ቲታኒየም የለም።

ቴስታታ ቤት፦

ችግሩ ይኸው ወጣ። 34.2 ሲቀነስ 10.5 ሲቀነስ 23.4፣ የቀረህ 0.3 ሚሊ ነው። በእጅ ስታዞረው ያልፋል፤ 7000 ላይ ግን ቫልቩ ትንሽ አልፎ ሲበር ሞላው ድንጋይ ይሆንበታል፣ ግጭቱ ወደ ፑሽ ሮዱ ይመለሳል፣ ፑሽ ሮዱ ይጎብጣል። ሦስቱ የጎበጡት በዚህ ነው።

ሮንዴላዎቹን አውጣ። ቁመቱ 35.0 ይሆናል፣ ትርፉ 1.1። ተዘግቶ የሚገፋው ከ45 ወደ 40.6 ኪሎ፣ ሙሉ ሊፍት ላይ ከ102.8 ወደ 98.4 ይወርዳል። ሞላው ለሰለሰ፣ ሞተሩ ግን ከፍ ብሎ ይዞራል፤ ካሙም ያመሰግንሃል። ሞላዎቹ ሲጋጩ ስለነበር አሮጌዎቹን አትመልስ፣ አዲስ ስብስብ አስገባ። ውስጡና ውጭው በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠሙ መሆናቸውን እይ፤ በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ አንዱ በሌላው ቀለበት መሐል ሊሰካ ይችላል። ከዚያ በኋላ በየመፍቻው መዝን፤ ተዘግቶ ከሚገፋው 10 በመቶ ያጣ ሞላ ይቀየር።

ሮንዴላ ማውጣት የቆቡን ቦታ አይለውጥም፣ ስለዚህ የጋይዱ ጉዳይ ለብቻው ነው። የሁለቱን ጋይድ አናት 1 ሚሊ በመቁረጫ አሳጥር፤ በመፍጫ አይሆንም፣ ብናኙ ጋይዱ ውስጥ ይገባል።

ፑሽ ሮዶቹን ስምንቱንም ቀይር። ርዝመቱን ግን ከአሮጌው አትገልብጥ። ቴስታታው 1 ሚሊ ከተላገ ፑሽ ሮዱ 1 ሚሊ ረዘመ ማለት ነው፤ ካሙ እንደገና ተስሎ ወገቡ ከቀጠነ ደግሞ አጠረ። የቫልቩን አናት በቀለም ቀብተህ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙር። ሮከሩ የጠረገው መስመር መሐል ላይ ጠባብ ሆኖ መታየት አለበት። ወደ አንድ ጠርዝ ካዘነበለ የሮከሩ ምሰሶ ሥር ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ አስተካክል፣ ርዝመቱን የምታዘው ከዚያ በኋላ ነው። ግማሽ ሊፍት ላይ ሮከሩና የቫልቩ ግንድ ማዕዘናቸው 90 ዲግሪ ሲሆን ልክ ነህ።

ብረትና ነሐስ፦

ቆቡ ብረት ይቅር፣ ፓስፖርቱ ከከለከለ ክርክር የለም። የካም ጉብታ ልክ ነው።

ሮከር ሻፍቱን በተመለከተ አንድ ነገር፦ የሁለቱ ዳር ሮከሮች ከመጨረሻዎቹ ምሰሶዎች ውጭ ተንጠልጥለው ነው የሚሠሩት፣ ሻፍቱ እዚያ ይታጠፋል። ሻፍቱን ፈትተህ አንከባልለው፣ ሥሩንም በጥፍርህ ዳብስ፤ ደረጃ ከተሰማህ ቀይር። ሮከሮቹን የሚለያዩትን ሞላዎች አውጥተህ በብረት ቀለበት ብትተካ በ0.1 ሚሊ የጎን ክፍተት፣ ግጭት ይቀንሳል፣ ሮከሩም ከቫልቩ መሐል አይሸሽም።

ክሮስፍሎ71፦

ሮንዴላዎቹ ወጥተዋል፣ ፑሽ ሮዱ በልኬት ይታዘዛል። ከመዝጋቴ በፊት የቀረ ነገር አለ?

የካም ጉብታ፦

ከቫልቭ እስከ ፒስተን። የክሮስፍሎ ቴስታታ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ የማቃጠያው ጎድጓዳ ያለው ፒስተኑ አናት ላይ ነው፤ ቫልቮቹ በቀጥታ ወደ ፒስተኑ ይወርዳሉ። ቴስታታው ተልጎም ከሆነ ቅርበቱ ጨምሯል። በቀላል የሙከራ ሞላ ግጠም፣ ዳያል ጌጅ ቆቡ ላይ አስቀምጥ፣ የቫልቭ ክፍተቱን ዜሮ አድርግ። መግቢያው ፒስተኑን በጣም የሚቀርበው ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ከደረሰ በኋላ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ መውጫው ደግሞ ከመድረሱ 10 ዲግሪ አካባቢ ቀደም ብሎ። በ5፣ በ10፣ በ15 ዲግሪ ላይ ቫልቩን በእጅ እስከ ፒስተኑ ግፋና የወረደበትን አንብብ። ለመግቢያው 2.0፣ ለመውጫው 2.5 ሚሊ ከታች አትሂድ፤ መውጫው የሚበልጠው ግንዱ ሲግል ስለሚረዝም ነው። ካሙን ወደፊት ካስቀደምክ የመግቢያው ይጠባል፣ ወደኋላ ካዘገየኸው የመውጫው። የካሙን ጊዜ ከነካህ ልኬቱን እንደገና ከመጀመሪያው ውሰድ፣ በአራቱም ሲሊንደር።